ከጣና ዳር እስከ ደባርቅ፤ የጓሮ ጉዞ

ዛሬ በዚህ ገጽ አንድ መንገድ አብረን እንሄዳለን። መንገዱ ከጣና ሐይቅ ዳር፣ ከጎርጎራ ይነሣል። የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ አዘዞ ይደርሳል። ከአዘዞ ጎንደር ከተማ ይገባል። ከጎንደር ወደ ሰሜን ሽቅብ ይወጣል። ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ላይ ይቆማል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በዚህ መንገድ የሚያልፍ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሁለት ነገር ነው። የፋሲልን ግንብ ያያል፤ የሰሜንን ተራራ ያያል። እኛ ግን ዛሬ ሁለቱንም ትተን ከቤት ጀርባ ያለውን እንይ። ጓሮውን ማለቴ ነው። ስንሄድም አንድ ጥያቄ ይዘን እንሂድ። ከአንድ ቤት ጓሮ ምን ይወጣል? የወጣውስ የት ይደርሳል?

ጎርጎራ ከሐይቁ ሰሜን ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዚህ በኩል ባለው የሐይቁ ዳርቻ አረንጓዴ ነገር ውኃ ላይ ተንሳፎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ቅጠሉ ወፍራም ነው። አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ያምራል። ስሙ እምቦጭ ነው። የአገራችን ተክል አይደለም። የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ ነው። በዓለም የተበተነው በአበባው ምክንያት ነው። ሰዎች አበባውን ወደዱት፤ ለጌጥ ብለው በገንዳና በኩሬ ተከሉት። ከገንዳው አመለጠ። ወንዝ ገባ፤ ከወንዝም ሐይቅ ገባ። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የደምቢያ ገበሬ ስንት ጊዜ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው! ነቅሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ የቀረው ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። አሣ አጥማጁ መረብ መጣያ ያጣል። ከብቱም ውኃ መጠጫ ያጣል።

ታዲያ እምቦጭ ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚወፍረው? ሥሩ መሬት ሳይነካ፣ ውኃ ላይ ተንሳፎ ነው የሚኖረው። መልሱ ያለው ውኃው ውስጥ ነው። በክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ አፈር ያመጣል። ከአፈሩ ጋር ፍግ ይመጣል። ማዳበሪያም ይመጣል። ከከተማ ደግሞ ቆሻሻ ፍሳሽ ይመጣል። እምቦጭ ይህን ሁሉ ይመገባል። ልብ በሉ፤ የሚበላው ከማሳችንና ከጓሯችን ያመለጠውን ምግብ ነው።

ይህንኑ የተክል ጠባይ ለጥቅም ያዋሉ ሰዎች አሉ። በገንዳ አሣ ያረባሉ። አሣው በልቶ ኩሱን ውኃው ውስጥ ይጥላል። በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ኩሱን ለተክል ምግብ ወደሚሆን ነገር ይለውጡታል። ያ ውኃ በጠጠር ወደተሞላ መደብ ይሄዳል። ጠጠሩ ላይ ሰላጣና ቆስጣ ተተክሏል። አትክልቱ ምግቡን ወስዶ ውኃውን ያጠራዋል። የጠራው ውኃ ተመልሶ ወደ አሣው ይገባል። በውጭ ቋንቋ አኳፖኒክስ ይሉታል። እኛ አሣና አትክልት በአንድ ውኃ ማልማት ብንለው ይበቃናል።

ለእኛ ይሆናል ወይ? እውነቱን እንነጋገር። ውኃውን የሚያዞረው ሞተር ነው። ሞተሩ ቀንና ሌሊት መብራት ይፈልጋል። መብራት ከጠፋና ውኃው ከቆመ አሣው አየር አጥሮት ይሞታል። ደግሞም ቆሮሶ የሚባለው አሣ ሙቀት ይወዳል። ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለደባርቅ ሰው ይህን ሥራ አልመክርም። በሞቃቱ በደምቢያ በኩል ውኃ ያለው ሰው ግን ያለ ሞተርም አንድ ነገር ሊያደርግ ይችላል። ኩሬ ቆፍሮ አሣ ያረባል። ከኩሬው በባልዲ እየቀዳ ጓሮውን ያጠጣል። የአሣ ኩሬ ውኃ ከጉድጓድ ውኃ ይልቅ ለአትክልት ምግብ አለው።

ደምቢያ ጥቁር አፈር ነው። ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ነጭ ሽንኩርቱ የታወቀ ነው። ስለ እሱ ሌላ ቀን እንጽፋለን። አሁን አዘዞን አልፈን ጎንደር እንግባ።

ጎንደርን ዐፄ ፋሲል ዋና ከተማቸው ያደረጓት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት። በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ከግንብ አጥር ጀርባ ጌሾ ይታያል። ለጠላ የሚሆነው ከቤት ይቀራል፤ የተረፈው ገበያ ይወጣል። አንዴ ከተተከለ ብዙ ዓመት ይቆያል። ቅጠሉ ሲለቀም መልሶ ያቆጠቁጣል። ከጌሾ የሚገኘው ብር አብዛኛውን ጊዜ የሴቲቱ ነው። በርበሬና ጨው፣ የልጅ ደብተር የሚገዛው በእሱ ነው።

ከጌሾው አጠገብ ኮባ ይኖራል። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ድፎ ዳቦ ይጋገርበታል። ይህ ኮባ በደቡብ አገር እንሰት የሚባለው ነው። እዚያ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ቆጮ አድርጎ ይበላዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ እንሰት ጎንደር ላይ ጥሩ ሆኖ እንደሚያድግ ጽፏል። ይኸው እስከ ዛሬ ጓሮ ውስጥ አለ። እኛ ግን ቅጠሉን ለዳቦ ቆርጠን ሌላውን እንተዋለን። ኮባ ድርቅ ይችላል። ሥሩ አፈር ይይዛል። ደረቅ ቅጠሉ መሬት ቢለብስ እርጥበት ያቆያል። ለዳቦ ብቻ መተከሉ እኔን ይቆጨኛል።

በጎንደር ጓሮ የሌለው ሰው ብዙ ነው። የኪራይ ቤት ነዋሪው ከደጃፉ ላይ የዘይት ጣሳ ይደረድራል። በአንዱ ጣሳ ጤና አዳም አለ፤ ለቡና ነው። በሌላው በሶብላ አለ፤ ለሽሮና ለበርበሬ ነው። ናና ለሻይ ነው። ዳማ ከሴ ለምች ነው። ወለቃ የሸክላ ሥራ የሚታወቅበት ሰፈር ከከተማው ዳር ነው፤ ብር ያለው ከሸክላ ሠሪ ማሰሮ ይገዛል። ጣሳም ሆነ ማሰሮ ሕጉ አንድ ነው። ታቹ ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳ ከሌለው ውኃው ይተኛል፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ከታች ጠጠር ይደረጋል። ከላይ አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ተቀላቅሎ ይሞላል። ለማጠጣት ጣትን አፈሩ ውስጥ ማስገባት ነው። ጣት እርጥበት ካገኘ ውኃ አይጨመርም። ቤት ውስጥ የሚሞት ተክል አብዛኛው የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው።

ጎመንም ያለ ጓሮ ይበቅላል። ጆንያ ይወሰዳል። መሐሉ ላይ ጠጠር እንደ ምሰሶ ከታች እስከ ላይ ይቆማል። ዙሪያው በአፈርና በፍግ ይሞላል። የጆንያው ጎን ይበሳና ችግኝ ይገባበታል፤ ላዩም ላይ ይተከላል። ውኃው በጠጠሩ በኩል ወርዶ ለሁሉም ይዳረሳል። በአንድ ክንድ ቦታ የአንድ መደብ ያህል ጎመን ይገኛል።

ለጌጥ የሚተከል አበባ ግን አደራ! ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚዛመት ሳይጠይቁ አይተክሉ። የወፍ ቆሎ የምንለው ቁጥቋጦም ለአጥር ተብሎ ከውጭ የመጣ ነው። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን ትበትነዋለች። አሁን በብዙ ቦታ የግጦሽ መሬት እየበላ ነው። እምቦጭንም አይተናል።

ከከተማው ሳንወጣ አንገረብን እንይ። ጎንደር የመጠጥ ውኃ ከምታገኝባቸው አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ በደለል እየተሞላ ውኃ የሚይዝበት ቦታ ጠቧል። በከተማው ውኃ በፈረቃ የሚመጣላቸው ሰፈሮች አሉ። ጀሪካን ተሸክሞ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ውኃው ለምን አነሰ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ከላይ ካለው ማሳ የታጠበው አፈር ነው። ያ አፈር ገብስና ባቄላ ያበቅል ነበር። አሁን ግድብ ይሞላል።

የቤት ውኃም እንዲሁ ይባክናል። ዕቃ የታጠበበት ውኃ መንገድ ላይ ይደፋል። ይህ ውኃ ለጌሾ፣ ለኮባና ለፍራፍሬ ዛፍ ይሆናል። ሳሙና ያለበት ውኃ ግን ጥሬውን በሚበላ ቅጠል ላይ አይፈሰስም።

አሁን ሽቅብ ነን። ጎንደርን ለቀን ወደ ኮሶዬ ስንወጣ ብርዱ ይሰማል። በየ100 ሜትሩ ሽቅብ ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ ይቀንሳል። አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። ከጎንደር ጋር ሲነጻጸር በአምስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ስለዚህ በርበሬውና ቡናው ታች ቀርተዋል። እዚህ የወገራ አገር ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመንና ድንች የሚበቅልበት። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ እንደሆነ ይጻፋል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ገደማ። የዛሬ 200 ዓመት በዚህ ደጋ ድንች የሚያውቅ ገበሬ አልነበረም። ዛሬ ድንች የሌለበት የደጋ ጓሮ ማግኘት ያስቸግራል።

ወገራ ላይ ዛፍ አነስተኛ ነው። ያለውም በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ለማገዶና ለቤት ሥራ ይጠቅማል፤ ከጓሮ ግን ይራቅ። ውኃውን ይጠጣዋል፤ ከሥሩም ጎመን አይበቅልም። ማገዶ ስለሚያንስ የሚነደው ኩበት ነው። ከየቤቱ ግድግዳ አጠገብ ኩበት ተከምሮ ይታያል። የዚህ አገር ትልቁ የጓሮ ጉዳይ ይኸው ክምር ነው። በብዙ ቤት በአማትና በምራት መካከል እንዲህ ያለ ክርክር ይነሣል።

«እማዬ፣ ዘንድሮ እበቱን ሁሉ ኩበት አናድርገው። ግማሹ ለጓሮ ይሁን።»

«ልጄ፣ ጎመኑ ቢያምር በምን ልትቀቅይው ነው? እንጀራውስ በምን ይጋገራል?»

«መሬቱ እኮ ደከመ፣ እማዬ። አምና ሽንኩርቱ እንደ አተር ቀረ።»

«እሱማ ልክ ነሽ። ነገር ግን ልጆቹ በብርድ ይደሩ እንዴ?»

ማን ልክ ነው? ሁለቱም ልክ ናቸው። እበት ሲነድ ቅጠልን የሚያለመልመው ናይትሮጂን የሚባለው ምግብ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ለአፈሩ አካል የሚሆነውም ገለባ ይቃጠላል። የሚቀረው አመድ ነው። አመድም ከንቱ አይደለም። ፖታሲየምና ፎስፈረስ የሚባሉ የተክል ምግቦች አሉበት። ዝናብ አጥቦት የኮመጠጠ አፈርን ያሻሽላል። ጎመን ላይ ጠዋት በጤዛ ቢነሰነስ ክሽክሽን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ አመድ ብቻውን እበትን አይተካም።

እንግዲህ ክርክሩን የሚያቀልለው ማገዶውን መቀነስ ነው። በእኛ ቤት ከሁሉ የበለጠ ማገዶ የሚበላው የእንጀራ ምጣድ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ እሳቱ ግማሹ ነፋስ ያሞቃል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራ ነው። ምጣዱን ዙሪያውን ይዘጋዋል። በደንብ ከተሠራ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ሊያወርደው ይችላል። ሦስት ሸክም ኩበት የሚያስፈልገው ቤት በሁለት ቢያድር አንዱ ሸክም ለጓሮ ተረፈ።

ሌላው መንገድ ባዮጋዝ ነው። እበቱ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ጉድጓድ ይገባል። ጋዙ በቧንቧ ወጥቶ ወጥ ያበስላል፤ መብራትም ይሆናል። ዝቃጩ ከነምግቡ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ይህ ነገር አማትንም ምራትንም ያስታርቃል። ነገር ግን አራት ያህል ከብትና በየቀኑ ውኃ ይፈልጋል። ብርድ ሲበረታ ጋዙ ያንሳል። ለእንጀራ መጋገሪያም እስካሁን ብዙ አልተሳካም። ይህን ሳይነግር ባዮጋዝ አስገባ የሚል ሰው ቢመጣ ጥያቄ ጠይቁት።

ለተረፈው እበት ብስባሽ ማዘጋጀት ነው። ከጓሮው ጥግ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይመረጣል። መጀመሪያ ጭራሮና አገዳ ይነጠፋል፤ አየር እንዲገባ ነው። ከዚያ ደረቅ ገለባ፣ ከዚያ አረንጓዴ ቅጠልና አረም፣ ከዚያ እበት፣ ከላዩ ትንሽ አፈርና አመድ። እንዲህ እየተደራረበ እስከ ወገብ ድረስ ይቆለላል። ዘር ያወጣ አረም አይገባም። ሲጨበጥ እንደተጨመቀ ጨርቅ እርጥብ ይሁን። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ይሰካል። ከሳምንት በኋላ እንጨቱ ሲነቀል ትኩስ ከሆነ ብስባሹ እየሠራ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ይጨመር። ከገማ ውኃ በዝቶበታልና ይገላበጥ። በየወሩ ቢገላበጥ በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል። ደጋ ላይ ከዚያም ይቆያል። የደረሰ ብስባሽ ጥቁር ነው፤ የዝናብ አፈር ይሸታል። በትግራይ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር በተሠራ ሥራ በብስባሽ የተዘራ ማሳ ብዙ ጊዜ በማዳበሪያ ከተዘራው ያላነሰ ምርት ሲሰጥ ታይቷል።

ጓሮው ዳገት ላይ ከሆነ ውኃው እንዳይሮጥ መደቡ በዳገቱ አግድም ይሠራ። ገበሬው ማሳ ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ውኃ እንዳይተኛ ነው። ነገር ግን ቁልቁል የተቀደደ ፈሰስ ብስባሹንም አፈሩንም ይዞ ይወርዳል። ወደ ጣና በሚወርደው በኩል ከሆነ የት እንደሚደርስ እናውቃለን።

ዳባት ደረስን። ዳባት በጤና ትምህርት የታወቀ ስም አለው። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ ተማሪዎቹን ለሥራ ልምምድ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር፤ ዳባት አንዱ ነበር። እዚህ ላይ ስለ ዳፍንት እናንሣ። ዳፍንት የያዘው ልጅ ቀን ያያል፤ ሲመሽ ግን እናቱን ከምሰሶ አይለይም። ብዙ ሰው የጨረቃ ነገር ወይም የዓይን ጥላ ያደርገዋል። ዋናው ምክንያቱ ቫይታሚን ኤ የሚባለው ነገር ከምግቡ ማነሱ ነው። ካልታከመ ዓይኑ ይጠፋል። ልጁ ቶሎ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቫይታሚን ኤ በጉበት፣ በእንቁላልና በወተት አለ። ነገር ግን የእኛ ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። በጾም የሚገኘው ከጓሮ ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቢጫ ዱባ ይህን ምግብ ይሰጣሉ። ሲሠሩ ትንሽ የኑግ ዘይት ይግባባቸው፤ ያለ ዘይት ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ሕፃናት ደግሞ ጾም የለባቸውም፤ እንቁላሉ ሁሉ ገበያ አይውጣ።

ጎመን ሌላም ሥራ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው የሚጎድልበት ወር ነው። እህሉ ገና እሸት አልሆነም። በዚያን ጊዜ ቤት የሚያድነው ከቤት ጀርባ ያለው ጎመንና የደረሰ ድንች ነው። በግንቦት እያጠጡ ያፈሉት ችግኝ በሐምሌ ቅጠል ይሰጣል።

ተባይ ሲበዛ መድኃኒት የሚገዛ ሰው አለ። እዚህ ላይ ፊደል ያወቀ ሰው ሥራ አለው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብብ። ለምን ሰብል እንደሆነ፣ በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚበላ ተጽፏል። ጊዜው ያለፈበት ከሆነም ቀኑ ይናገራል። ስም የሌለው፣ ከሌላ ዕቃ የተገለበጠ መድኃኒት አይገዛም። ባዶ ጠርሙሱም ዘይት አይያዝበት። የዘር ፓኮም እንዲሁ ቀን አለው፤ ሻጩ ሳይሆን ቀኑ ይታመን።

መጨረሻ ላይ ደባርቅ ነን። ከፍታው ወደ 2850 ሜትር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል፤ የድንች ቅጠል በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ችግኝ ያለው ሰው ማታ በገለባ ይሸፍናል፤ ጠዋት ይገልጣል። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ይገባል። ፓርኩ ውስጥ ግጭ የሚባል መንደር ነበር። በሰሜን ጫፍ ከ3000 ሜትር በላይ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የሆኑት አባወራዎች ከዚያ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ከተማ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ለዋልያው መልካም ሆነ። ለሰዎቹ ግን ሰፊው ማሳና ግጦሽ ቀርቶ የከተማ ቦታ ተተካ። ከብቱ ሲቀር እበቱም ይቀራል። እንዲህ ላለ ቤት የዕቃ አጠባ ውኃ፣ የአመድ ቁና፣ የድንች ልጣጭ ሁሉ ዋጋ አለው። ጆንያው ላይ ጎመን መትከል ለጎንደር ተከራይ ብቻ አይደለም።

ከሰሜን ተራራ የሚወርደው ውኃ ወደ ጣና አይሄድም። ወደ ተከዜ ነው የሚወርደው። ተከዜም ድንበር ተሻግሮ፣ ከአትባራ ጋር ተገናኝቶ ዓባይ ይገባል። በሐምሌ ወር መልኩ ቀይ ነው።